የማን 3:30? አይሪሽ ፐብ ገብቶ ሀርሊንግ የማየት ዘዴ

ሀርሊንግ አየርላንዳውያን በዱላ የሚጫወቱት ኳስ ነው። መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አየርላንዳዊ የሥራ ባልደረባዬ «እሑድ የሀርሊንግ ፍጻሜ አለ፤ 3:30 ይጀምራል፤ ና አብረን እንይ» አለኝ። የፐቡን አድራሻም ላከልኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቤት ተመለስኩ። ምሳዬን በላሁ። ትንሽ ጋደም አልኩና ልክ 3:25 ላይ ደረስኩ። ወለሉ በፈሰሰ ቢራ ጫማ ይይዛል። ጥግ ላይ ቀይ ማሊያ የለበሰ ትልቅ ሰውዬ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቷል። አንዲት ልጅ ብርጭቆ ትሰበስባለች። «ጨዋታው?» አልኳት። ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። «ካለቀ ሦስት ሰዓት አለፈው» አለች።

3:30 የተባለው የደብሊን ሰዓት ነበር። እኛ ያለነው ሜሪላንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ፤ አሁን አርፍጄ አላውቅም ማለት ይቻላል። ዲሲም ኑሩ ለንደን ወይም ዱባይ፣ ሰፈራችሁ አካባቢ አንድ አይሪሽ ፐብ አይጠፋም። ብዙዎቻችን በደጁ እናልፋለን፤ የምንገባው ግን ለፕሪሚየር ሊግ ብቻ ነው። ውስጡ አንዳንድ እሑድ የሚታየው ጨዋታ ለኛ ባዕድ አይደለም። እንዴት እንደሚታይ ደረጃ በደረጃ እነሆ። ዓመቶቹም ወሮቹም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ ሲሆን እናገራለሁ።

1. ምን እንደምታዩ እወቁ

ጨዋታዎቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። ሁለቱንም የሚመራው በ1884 ቱርልስ በምትባል ከተማ የተቋቋመው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው። በአጭሩ ጂኤኤ ይሉታል።

አንደኛው ሀርሊንግ ነው። ሀርሊንግን ለሀበሻ ማስረዳት ለአሜሪካዊ ከማስረዳት ይቀላል። ገና ነው፤ የኛው ገና ጨዋታ። ልዩነቱ ሕግ ተጽፎለታል፣ ሜዳ ተከልሎለታል፣ ዳኛ ቆሞለታል። ዱላቸውን ሀርሊ ይሉታል፤ በራሳቸው ቋንቋ ደግሞ ካማን። አሽ ከሚባል ዛፍ ነው የሚጠረበው። የገና ዱላ ጫፉ ቆልማማ ሲሆን የነሱ ጠፍጣፋና ሰፋ ያለ ነው፤ አጭር መቅዘፊያ ይመስላል። ሩሩን ስሊተር ይሉታል። የቴኒስ ኳስ ያህላል፤ ክብደቱ ግን እጥፍ ነው። በቆዳ የተለበጠ ስለሆነ ሲያገኛችሁ ያማል።

ትልቁ ልዩነት ኳሱ መሬት ላይ አለመክረሙ ነው። በዱላ ተፈንቅሎ ይነሣል፣ በአየር ላይ ይመታል፣ ሰማይ ላይ እያለ በባዶ እጅ ይቀለባል። ጠንካራ ምት በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ከ2010 ጀምሮ ሄልሜት ግዴታ ሆኗል፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ በባዶ ራሳቸው ይጫወቱ ነበር። አያቴ ቅልጥሙ ላይ የገና ጠባሳ ነበረው፤ ወጣት ሳለ ያገኘው ነው፤ እስኪሞት ድረስ በኩራት ያሳየን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፐብ ውስጥ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለው አባባል ለነሱም ይሠራል። ተጫዋቾቹ እንደዚያ ተቀጣቅጠው ሲያበቁ ይጨባበጣሉ።

ሁለተኛው ጌሊክ ፉትቦል ነው። ክብ ኳስ ነው፤ በእጅም በእግርም ይጫወቱታል። ኳስ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሮጥ አይቻልም፤ ወይ መሬት ማንጠር ወይ በእግር ጫፍ ወደ እጅ መመለስ ግድ ነው። ደግሞ ሁለት ጊዜ አከታትሎ ማንጠር ክልክል ነው። ይሄን ካወቃችሁ የዳኛው ፊሽካ ግማሹ ገባችሁ ማለት ነው።

በሁለቱም አንድ ቡድን 15 ተጫዋች አለው። በካውንቲ ደረጃ በሻምፒዮና ጨዋታው 70 ደቂቃ ነው። ካውንቲ ስል እንደ አውራጃ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ነጥቡ። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ታገሡኝ።

የግቡ ቋሚዎች እንደ ፈረንጅ «ኤች» ፊደል ናቸው። ኳሱ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባ ጎል ነው፤ ሦስት ነጥብ ያስገኛል። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈ አንድ ነጥብ ነው። ከግቡ አጠገብ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሁለት ሰዎች ይቆማሉ፤ ፋርማሲስት ይመስላሉ። እነሱን ተከታተሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ከተውለበለበ ጎል፣ ነጭ ከሆነ አንድ ነጥብ ነው። ፉትቦል ላይ ከ2025 ጀምሮ አዲስ ነገር መጥቷል። ከግቡ ፊት ከተሠመረው የ40 ሜትር ቅስት ውጭ ተመትቶ ከአግዳሚው በላይ የሚያልፍ ኳስ ሁለት ነጥብ ነው፤ ባንዲራውም ብርቱካናማ። ሀርሊንግ ላይ ይሄ የለም።

ስክሪኑ ላይ ውጤቱ እንዲህ ይጻፋል፦ 3-29። ጎሎቹ በፊት፣ ነጥቦቹ በኋላ። ሦስት ጎል ሲባዛ ሦስት ዘጠኝ፣ ሲደመር 29፣ ጠቅላላ 38። ለምን ይህን ቁጥር መረጥኩ? የ2024 የሀርሊንግ ፍጻሜ ነው። ክሌር 3-29፣ ኮርክ 1-34። ሁለተኛውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ኮርክ አሸነፈ ይላል። ደምሩት፦ ኮርክ 37 ነው። ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተው ክሌር በአንድ ነጥብ ዋንጫውን ወሰደ። ይቺን ስሌት እቤታችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተለማመዷት። ፐብ ውስጥ ስልክ አውጥቶ መደመር ፋራ ያስመስላል። እኔ አድርጌዋለሁ።

2. ቀኑን ምረጡ

ሊጉ በጥር መጨረሻ ተጀምሮ እስከ መጋቢት ማብቂያ ገደማ ይሄዳል። ለጀማሪ አልመክረውም፤ ፐቡም ግማሽ ባዶ ነው። ሻምፒዮናው ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ነው። ድሮ ፍጻሜዎቹ በመስከረም ነበሩ። ከ2022 ወዲህ ሐምሌ ውስጥ ይጠናቀቃሉ፦ መጀመሪያ የሀርሊንጉ፣ በሳምንቱ የፉትቦሉ። የሴቶቹ ፍጻሜ ነሐሴ መግቢያ ላይ ይከተላል። የሴቶች ሀርሊንግ ካሞጊ ይባላል፤ ያኔ ፐቡ ስለማይጨናነቅ ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ይሻላል።

እንደኔ እንደኔ በፍጻሜ ቀን አትጀምሩ። ሰው በጣም ይጨነቃል፤ ማንም አያስረዳችሁም። በግንቦት ወይም በሰኔ የሚደረግ የመንስተር ክፍለ ሀገር የሀርሊንግ ጨዋታ ምረጡ። ኮርክ፣ ሊመሪክ፣ ክሌር፣ ቲፐራሪና ዋተርፎርድ እዚያ ይፋጃሉ። ጨዋታው ትልቅ ነው፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ግን ገና ለወሬ ጊዜ አለው።

ለጿሚ አንድ የምሥራች አለ። የሐዋርያት ጾም የሚፈታው በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ነው፤ ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1። የወንዶቹ ሁለት ፍጻሜዎች ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ይወድቃሉ። በ2025 ለምሳሌ በኛው አቆጣጠር ሐምሌ 13 እና ሐምሌ 20 ቀን ነበሩ።

3. ሰዓቱን አስተካክሉ

እኔ የወደቅኩበት ነው፤ ስለዚህ ተራ በተራ እጽፈዋለሁ። ፍጻሜው በደብሊን 3:30 ከሰዓት በኋላ ቢጀመር፣ በበጋ እንዲህ ነው፦

ለንደን፦ እዚያው 3:30።
ዋሽንግተንና ኒው ዮርክ፦ ጠዋት 10:30።
ሎስ አንጀለስ፦ ጠዋት 7:30። አዎ፣ በጠዋት።
ቴል አቪቭና አዲስ አበባ፦ 5:30፤ በሀበሻ ከቀኑ 11:30።
ዱባይ፦ ምሽት 6:30።
ሜልበርን፦ ከሌሊቱ 12:30፤ ሰኞ ገብቷል።

ከሀበሻ ጋር ከተቀጣጠራችሁ ነገሩ ሌላ ዙር ይወሳሰባል። ጓደኛዬን «4:30 ላይ እንገናኝ» ብዬው ነበር። በኛ አቆጣጠር ጠዋት 4:30 ማለቴ ነው። እሱ ከሰዓት በኋላ መጣ። በወንበር ላይ የተኛ ሰው አየህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

አሜሪካ ላላችሁ የቅዳሴ ነገር አለ። እሑድ ጠዋት 10:30 ላይ ፐብ መገኘት አስቀድሶ ለሚወጣ ሰው ከባድ ነው። ብዙ ትልልቅ ጨዋታዎች ግን ቅዳሜም ስለሚደረጉ ቅዳሜዎቹን ፈልጉ።

4. ሳትሄዱ በፊት ደውሉ

በሩ ላይ የሻምሮክ ቅጠል የተሰቀለ ሁሉ አይሪሽ ፐብ አይደለም። አንዳንዱ አረንጓዴ ቀለምና ጊነስ የሚባለው ጥቁር ቢራ ብቻ ነው ያለው። አንድ ቦታ ደውዬ «ጌሊክ ታሳያላችሁ?» አልኩ። «እናሳያለን» አሉኝ። አርባ ደቂቃ ነድቼ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ራግቢ ነበር። ልጁ ልዩነቱን አያውቅም፤ እኔም በደንብ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ጥያቄው እንዲህ ይሁን፦ «እሑድ የኮርክና የቲፐራሪን ጨዋታ በላይቭ ታሳያላችሁ? በድምፅ ነው? ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ?» የቡድኖቹን ስም ጥሩ። የሚያውቅ ሰው ስልኩን ካነሣ ድምፁ ወዲያው ይለወጣል። «ድምፅ» የሚለውን አትዝለሉት። አሜሪካ ውስጥ በአንዱ ስክሪን ቤዝቦል፣ በሌላው ጎልፍ እየታየ ሀርሊንጉ በዝምታ ሊቀርብላችሁ ይችላል። ያለ ኮሜንታተር ሀርሊንግ ማየት ያለ በርበሬ ዶሮ ወጥ ነው።

አሜሪካ ውስጥ «ፉትቦል» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ስለ ሌላ ነገር ነው የሚመልሱላችሁ። «ጌሊክ ፉትቦል» በሉ።

በር ላይ የሚያስከፍሉ ቦታዎች አሉ። አትናደዱ። ፐቡ ለሥርጭቱ ይከፍላል፤ ጠዋት ለመክፈትም ሠራተኛ መጥራት አለበት። ክፍያው ቁርስን ይጨምር እንደሆነ ግን ጠይቁ። ብቻችሁን እቤት ማየት ከፈለጋችሁም ጂኤኤ ፕላስ የሚባል የማኅበሩ የራሱ የኢንተርኔት ሥርጭት አለ፤ ቀድሞ ጂኤኤ ጎ ይባል ነበር። ሕጉ እስኪገባችሁ ድረስ አንድ ሁለት ጨዋታ በሱ ማየት አይከፋም።

የት እንደምትፈልጉ ከጠየቃችሁኝ፣ ኒው ዮርክ ብሮንክስ ውስጥ ውድሎን ሰፈር፣ ኩዊንስ ውስጥ ውድሳይድና ሰኒሳይድ፣ ቦስተን ዶርቸስተር፣ ለንደን ኪልበርንና ክሪክልውድ አካባቢ ነው። ዱባይ ያላችሁ ጋርሁድ ያለውን አይሪሽ ቪሌጅ ሳታውቁት አትቀሩም። ዲሲ የራሱ የጌሊክ ክለብ አለው፤ የክለብ ልጆች የሚሰበሰቡበትን ፐብ መጠየቅ አጭሩ መንገድ ነው።

5. ካውንቲ ምረጡ

ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው «ሁ አር ዩ አፕ ፎር?» ይላችኋል። ማንን ትደግፋላችሁ ማለቱ ነው። «ማንንም» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ ወሬው ግን እዚያው ይሞታል።

ነገሩ እንደ አርሴናልና ማንቼ አይደለም። ተጫዋቾቹ ደመወዝ የላቸውም። እሑድ 80 ሺህ ሰው ፊት የተጫወተው ልጅ ሰኞ ጠዋት ክፍል ገብቶ ሒሳብ ያስተምራል። ተጫዋች በገንዘብ አይገዛም፤ ሰው ለሰፈሩ ክለብ ይጫወታል፣ ጎበዝ ከሆነ ለካውንቲው ይመረጣል። አንድ የኬሪ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያየው የጎረቤቱን ልጅ ነው። እኛ ሁለት ሀበሻ ስንገናኝ «የየት ሀገር ልጅ ነህ?» ብለን ዘመድ ፍለጋ እንደምንገባው፣ እነሱም በካውንቲ ይጠያየቃሉ። ሦስተኛ ጥያቄ ላይ የጋራ አክስት ይገኛል።

የውጭ ሰው በምን ይመርጣል? በፈለገው። ሀርሊንግ ላይ ብዙ ዋንጫ ያለው ኪልኬኒ ነው፤ 36 ጊዜ ወስዷል። ፉትቦል ላይ ኬሪ በ2025 ያነሣው 39ኛው ነበር። አሸናፊ የምትወዱ እነሱን ያዙ። ለተሸናፊ ልባችሁ የሚራራ ከሆነ ግን ማዮ አለላችሁ። ከ1951 ወዲህ የፉትቦሉን ዋንጫ አላዩትም፤ ስንት ጊዜ ፍጻሜ ደርሰው ተመልሰዋል። የማዮ ሰው አጠገብ ከተቀመጣችሁ ስለ 1951 ራሱ ያነሣዋል፤ እናንተ አታንሡ።

ስለ ልብስ አንድ ነገር። በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ ስካርፍ አንድ ጊዜ ገብቼ ነበር። የአድዋ ሰሞን የገዛሁት ነው። ባርማኑ ከሩቅ አይቶኝ እጁን አነሣና «ካርሎው!» ብሎ ጮኸ። የካርሎው ካውንቲ ቀለም ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ነው ለካ። ካርሎው ትንሽ ካውንቲ ናት፤ ዋናውን ዋንጫ ወስዳ አታውቅም። ሰውየው ከሀገሩ ከወጣ ጀምሮ ደጋፊ ወገን አላገኘም መሰለኝ፣ ባንዲራው የኢትዮጵያ ነው ስለው ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ካርሎው ስትጫወት ውጤቷን አያለሁ።

«እኛን የመሰለ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?» የሚል ካለ፣ ስክሪኑን ይይ። በ2005 ኮርክን በአምበልነት መርቶ የሀርሊንግ ዋንጫ ያነሣው ሾን ኦግ ኦ ሃልፒን እናቱ ከፊጂ ናት። የዌክስፎርዱ ሊ ቺን አባቱ ማሌዥያዊ ነው። ላይቤሪያ የተወለደው ቦይዱ ሳዬ ለዌስትሚዝ ፉትቦል ተጫውቷል።

6. አቀማመጥ፣ መብል፣ መጠጥ

ጨዋታው ከመጀመሩ 45 ደቂቃ በፊት ድረሱ፤ በፍጻሜ ቀን አንድ ሰዓት ተኩል በፊት። ለብቻው የተቀመጠ አዛውንት ፈልጉና «እዚህ ሰው አለ?» ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ወጣቶቹ ጋ አትሂዱ፤ እነሱ ይጮሃሉ እንጂ አያስረዱም።

ለንደን ከሆናችሁ ባንኮኒው ጋ ሄዳችሁ ነው የምታዙት፤ ተቀምጣችሁ ብታጨበጭቡ ማንም አይመጣም። አሜሪካ አስተናጋጅ አለ፤ ቲፕ አትርሱ።

ጠዋት ከሆነ የሚቀርበው አይሪሽ ቁርስ ነው። እንቁላል፣ ባቄላ፣ ቲማቲም፣ እንጉዳይ፣ ቶስት። እዚህ ድረስ ሰላም ነው። ሳህኑ ላይ ግን ቤከንና ቋሊማ አለ፤ ሁለቱም ብዙውን ጊዜ የአሳማ ናቸው። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ጥቁር ነገርም አለ። ብላክ ፑዲንግ ይባላል፤ ደም አለበት። የማይበላ ሰው ሲያዝ «ያለ ሥጋ» ይበል፤ ችግር የለም፣ ይለምዱታል። በጾም ቀን ጥሩው መውጫ ድንች ጥብስ ነው፤ በምን ዘይት እንደተጠበሰ ጠይቁ። እኔ ከሰዓት በኋላ ከሆነ የበግ ወጣቸውን አዛለሁ። ቃሪያ በኪሴ ይዤ እሄዳለሁ፤ አትሳቁ።

ጊነስ ለመቅዳት ወደ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ባርማኑ ብርጭቆውን ሦስት አራተኛ ሞልቶ ያስቀምጠዋል፤ ቡኒው ወደ ላይ ሲንተከተክ ቆይቶ ይጠቁራል፤ ከዚያ ይሞላዋል። መሃል ላይ ብርጭቆውን አትውሰዱ። አልኮል የማትጠጡ ጊነስ ዜሮ ዜሮ በሉ። አዲስ አበባ ላይ ማልታ ጊነስ የጠጣ ሰው ያንን ጣዕም እንዳይጠብቅ፤ ይሄኛው መራራ ነው።

ዙር የሚባል ወግ አለ። አንድ ሰው ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። እኛ «እኔ ልክፈል፣ በማርያም!» ብለን የምንታገለውን እነሱ በተራ አድርገውታል። ዙር ውስጥ ከገባችሁ ተራችሁን አታሳልፉ፤ ለስላሳ ብትጠጡም ለሌሎቹ ቢራ መግዛት አለባችሁ። አቅም ከሌላችሁ ወይም ቶሎ የምትሄዱ ከሆነ መጀመሪያውኑ «እኔ የራሴን» በሉ። ማንም አይቀየማችሁም። ጠጥቶ ሹልክ ያለን ሰው ግን በሚቀጥለው ዓመትም ያስታውሱታል።

7. ጨዋታው ሲጀመር

ከፍጻሜው በፊት ብሔራዊ መዝሙር አለ፤ በአይሪሽ ቋንቋ ይዘመራል። ፐብ ውስጥም ብዙዎች ይቆማሉ። ቁሙ። ስልክ አታናግሩ። መጨረሻው ስንኝ ላይ ስታዲየሙ ሳይጨርስ በጩኸት ይውጠዋል፤ ስህተት አይደለም፣ ልማዳቸው ነው።

ስታዲየሙ ክሮክ ፓርክ ነው፤ 82,300 ሰው ይይዛል። አሸናፊው ዋንጫ የሚያነሣበት በኩል ሆጋን ስታንድ ይባላል። በኅዳር 21 ቀን 1920 የብሪታንያ ኃይሎች ጨዋታ እየተካሄደ ሜዳው ላይ ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ሞቷል። ማይክል ሆጋን ከነሱ አንዱ ነው፤ የቲፐራሪ ተጫዋች ነበር። ይሄን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ አትቀልዱ። የካቲት 12 ሲነሣ እኛ ዝም እንደምንለው ነው።

ሀርሊንግ ሲጀመር ኳሱን አትፈልጉ። በተለይ በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት አታገኙትም። የተጫዋቾቹን ራስ ተመልከቱ፤ ሁሉም ወደሚያንጋጥጡበት ኳሱ ይወርዳል። በረኛው ኳሱን ሲመታው ከሜዳው ወገብ አልፎ ይሄዳል፤ ስምንት አሥር ሰው ከሥር ዱላ ዘርግቶ ይጠብቃል። የገና ሜዳ ያየ ሰው ትርምሱን ያውቀዋል።

ለመጮህ አትቸኩሉ። ነጩ ካፖርት ባንዲራ እስኪያነሣ ጠብቁ። ከሩቅ ገባ የመሰላችሁ ኳስ በጎን አልፎ ይሆናል፤ ሁለቱ ክንዶች ከተዘረጉ ወጥቷል። እኔ ብቻዬን ዘልዬ ተነሥቼ፣ ፐቡ በሙሉ ዞሮ አይቶኛል። «አፕ ኮርክ!» ወይም «አፕ ቲፕ!» ማለት ይበቃል። ቡድናቸው ሲሸነፍ «ሃርድ ላክ» በሉና ዝም በሉ። ምክር አትስጡ፤ «አርሴናልም እንዲህ ነው» አትበሉ።

ዳኛ ላይ መጮህ ይፈቀዳል። ተቃራኒ ደጋፊ አጠገባችሁ መቀመጡ አያስፈራችሁ። ስታዲየሙ ውስጥም ደጋፊ በቡድን ተለይቶ አይቀመጥም።

እረፍት ላይ ወሬ ካጠራችሁ ስለ 1947 ጠይቁ። የዚያ ዓመት የፉትቦል ፍጻሜ ከአየርላንድ ውጭ፣ ኒው ዮርክ ፖሎ ግራውንድስ ላይ ነው የተደረገው፤ ካቫን ኬሪን አሸነፈ። ሀገር ቤት ያለው ሕዝብ በሬዲዮ ይከታተል ነበር። ሥርዓቱ ተንዛዝቶ የተከራዩት መስመር ጊዜው ሊያልቅ ሲል፣ ኮሜንታተሩ ማይክል ኦሄሂር አየር ላይ እያለ አምስት ደቂቃ እንዲጨምሩለት ለመነ። አልተቋረጠም። ሬዲዮ በእንቅልፍ ሰዓት ጆሮው ላይ ለጥፎ ኳስ ያዳመጠ አባት ያለው ሰው ይሄ ታሪክ ይገባዋል።

8. ሲያልቅ ቶሎ አትውጡ

የ2025ቱን የሀርሊንግ ፍጻሜ በሰዓቱ ደርሼ አየሁት። ከአንድ የኮርክ ሽማግሌ ጎን ተቀመጥኩ። ኮርክ ከ2005 ወዲህ ዋንጫውን አላነሣም ነበር፤ ሃያ ዓመት። በእረፍት ሰዓት በስድስት ነጥብ ይመሩ ነበር። ቀያዮቹ መዝፈን ጀመሩ። «እንኳን ደስ ያለህ ልበል?» አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ከእረፍት በኋላ ኮርክ ያስቆጠረው ሁለት ነጥብ ብቻ ነው። በ35 ደቂቃ ሁለት። ፔናልቲ አግኝተው የቲፐራሪ በረኛ አዳነባቸው። 3-27 ለ 1-18 አለቀ። ያለ ስልክ ደመርኩት፦ 36 ለ 21። ሽማግሌው ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ሰማያዊና ቢጫ የለበሰ አንድ የቲፐራሪ ሰው መጣና ሳይናገር ሁለት ብርጭቆ ጊነስ ፊታችን አስቀመጠ። አንዱ የኔ ነው። ገፋ አድርጌ ለሽማግሌው አስጠጋሁለት።

እዚህ ጋ ነው ጨዋታው። የጎሎቹን ታሪክ፣ የ1999ኙን ዋንጫ፣ የአባቱን፣ ወንድሙ በስሊተር የሰበረውን የጎረቤት መስኮት፣ ሁሉንም ነገረኝ። እኔም ስለ ገና ነገርኩት። የወረቀት ናፕኪን ላይ ዱላውን ሣልኩለት። አገላብጦ አየውና «ጫፉ ጠባብ ነው» አለ።

ልሄድ ስነሣ ስልኬን ጠየቀኝና ካላንደሩን ከፈተው። የሚቀጥለውን ዓመት ሐምሌ ፈልጎ፣ እሑዱን ነክቶ፣ በወፍራም ጣቱ «ኮርክ፣ 3:30» ብሎ ጻፈ።

«የማን 3:30?» አልኩት።